የሃምሳ አምስቱ ሸክላ

«ተነስ! ተነስ ከዚያ ላይ!»

ሶሜሽ ወንበር ላይ መቀመጡን ያወቀው ጩኸቱ ጆሮው ሲደርስ ነው። ተፈናጥሮ ተነሳ። ወለሉ ላይ የተነጠፈችለት ትንሽ ምንጣፍ ባዶዋን ትጠብቀዋለች። አባቱ የሞተበት ልጅ ተዝካሩ እስኪወጣ ድረስ ከዚያች ምንጣፍ ሌላ መቀመጫ የለውም።

«ፒሺማ፣ ወገቤ እኮ አልቻለም።»

«ወገቤ ይላል! ወንድሜ አመድ ሆኖ ወንዝ ገባ፣ እሱ ስለ ወገቡ ያወራኛል። ግላስጎው የተቀመጥክበት ወንበር አይበቃህም?»

ፒሺማ የአባቱ ታላቅ እህት ናት። ባሏ የሞተው ገና በልጅነቷ ስለሆነ ዕድሜዋን የገፋችው በወንድሟ በሞኖቶሽ ቤት ነው። በዚህ የካልካታ ሰፈር ስለ ሐዘን ደንብ እሷን የሚጠይቅ እንጂ የሚያርም የለም። የቤቱን ቁልፎች በነጭ ሳሪዋ ጫፍ ቋጥራ ትከሻዋ ላይ ጣል ስለምታደርጋቸው፣ ስትቆጣ ከቃሏ በፊት ቁልፎቹ ይንጫጫሉ።

ሶሜሽ ምንጣፉ ላይ ተመለሰ። መርፌ ያልነካው ነጭ ጨርቅ አገልድሟል። ጢሙን አይላጭም፣ ጫማ አያደርግም፤ ክፉ ነገር እንዳይጠጋው አንገቱ ላይ የብረት ቁልፍ ተንጠልጥሎለታል። በቀን አንዴ ራሱ የቀቀለውን ሩዝ በቅቤ ይበላል። በዚህ ሁሉ አያምንም። በአለማመኑም እርግጠኛ አይደለም። ግላስጎው ተማሪ ሳለ እንዲህ ያለውን ወግ ለጓደኞቹ እያሳቀ ይተርክ ነበር፤ አሁን ግን ብረቱ ደረቱን ሲቀዘቅዘው አውልቆ መጣል አልሆነለትም። ከተመለሰ ወዲህ ብዙ ነገር እንዲህ ነው፤ መያዝም መጣልም ያቅተዋል።

እናቱ ሱሩቺ መስኮቱ ስር ተቀምጣ ለቅሶ ደራሾች ያመጡትን ፍራፍሬ ትለያለች። እጇን ባንቀሳቀሰች ቁጥር አምባሮቿ ይነካካሉ። በየእጇ አንድ ነጭ የዛጎል አምባር፣ ከጎኑ አንድ ቀይ። ባል ያላት ሴት ከሰርጓ ቀን ጀምሮ የምታደርጋቸው ናቸው። ባረጁ ቁጥር ተለውጠዋል፤ እጇ ግን አንድም ቀን ባዶ ውሎ አያውቅም። ሌላ ቤት ባል በሞተበት ዕለት ይሰበራሉ። በነሱ ቤት ልማድ የሚሰበሩት በተዝካሩ ዋዜማ፣ ወንዝ ዳር ነው።

«የወንዙን ድንጋይ እኔ ራሴ እመርጣለሁ» አለች ፒሺማ። «ለጎረቤት ምራት ያመጡት ድንጋይ ለስላሳ ሆኖ ስንት ጊዜ ደበደቧት።»

«ድንጋይ አያስፈልግም» አለ ሶሜሽ። «አይሰበሩም።»

ቁልፎቹ ተንጫጩ። «ማን አለ?»

«እኔ። ዕድሜዋን ሙሉ ያደረገችውን ነገር አንድ ቀን ከእጇ ላይ በድንጋይ መስበር ምን የሚሉት ነው? ባሏን ማጣቷ አነሰ?»

«የኔ ሲሰበር» አለች ፒሺማ፣ «አንድ ሰው እንኳ "ይቅርባት" አላለም።»

ይህን ያለችው ሳትቆጣ ነው። ሶሜሽ ወደ እናቱ ዞረ። «እማዬ፣ አንቺ በይ እንጂ!»

ሱሩቺ አንድ ፓፓያ አንስታ በአውራ ጣቷ ጫን ጫን አደረገችው። «ይሄ በስሏል። ለጎራቻንድ ይቀመጥለት። ዛሬ ይመጣል፤ ጥርስ የለውም።»

ሞኖቶሽ ቫዮሊን ተጫዋች ነበር። ስሙ የተጻፈበት ሸክላ ግን የለም። ዘፋኙ ማይክራፎኑ ፊት ሲቆም ከኋላ ከሚደረደሩት አንዱ ነበር፤ ቀረጻው ሲያልቅ ቫዮሊኑን በጨርቅ ጠቅልሎ በትራም ወደ ቤቱ ይሄዳል። ያኔ ክረምቱ ወጥቶ የእንስቷ አምላክ የዱርጋ በዓል ሲደርስ የሸክላ ኩባንያዎች አዳዲስ ዘፈን ያወጣሉ። ሰው ለበዓሉ አዲስ ልብስ እንደሚገዛ አዲስ ሸክላም ይገዛል፤ በየመንደሩ ድምፅ ማጉያው ከጠዋት እስከ ማታ እነዚያኑ ዘፈኖች ይለፍፋል። ሞኖቶሽ በብዙ ዓመታት ሸክላዎች ላይ ተጫውቷል። ቤቱ ያስቀመጠው ግን የአንዱን ዓመት ብቻ ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር የሃምሳ አምስቱን።

«ለምን የሃምሳ አምስቱን ብቻ?» ብሎ ሶሜሽ በልጅነቱ ጠይቆት ያውቃል።

«ያን ዓመት እናትህ ዘፍናለቻ።»

«የታለች?»

«ጠብቅ።»

አባቱ መርፌውን ያሳርፋል። ዘፈኑ ስለ አንዲት ጀልባና ወንዝ ማዶ ስለቀረ ሰው ነው። ሁለተኛው ስንኝ ሊያልቅ ሲል ሞኖቶሽ ጣቱን ወደ ላይ ይቀስራል፣ ትንፋሹን ይይዛል። ከዘፋኟ ድምፅ ስር፣ ከበሮው ዝም ባለበት ቦታ፣ አንድ ትንሽ ነገር ቀጭ ትላለች።

«ያውና! እጇ መጣ!»

ከማዕድ ቤት ሱሩቺ ትጮሃለች። «አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም?»

ሶሜሽ ያቺ ቀጭ የሸክላው ጭረት ትመስለው ነበር። ወላጆቹ በጭረት የሚሳሳቁት ለምን እንደሆነ አልገባውም፤ ካደገ በኋላ ደግሞ መጠየቅ ተወ።

ጎራቻንድ የመጡት ከሰዓት ነው። በስቱዲዮው ከሞኖቶሽ አጠገብ ተቀምጠው ዋሽንት ይነፉ የነበሩ ናቸው። በራፉ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ገቡና የሟቹን ፎቶግራፍ አዩ። «እኔን ሳያስቀድም! ሁልጊዜ "አንተ ጀምር፣ እኔ እከተላለሁ" ነበር የሚለኝ» አሉና ጮክ ብለው አለቀሱ። ከዚያ ፊታቸውን ጠርገው ፓፓያቸውን ተቀበሉ።

ሶሜሽ ሻይ ሲያቀብላቸው የሱሩቺ አምባሮች ላይ ዓይናቸው እንዳረፈ አየ።

«እነዚህ እኮ ናቸው» አሉ በሹክሹክታ። «አባትህ አልነገረህም?»

«ምኑን?»

«እንግዲህ ስማ። አንዷ አጃቢ ዘፋኝ ታማ ቀረች። ሞኖቶሽ "ሚስቴ ትዘፍናለች" አለና እናትህን አመጣት። ገና ሙሽራ ናት፤ ዓይኗን ከመሬት አታነሳም። ድምፅ ቀራጩ የናስ ሳህን ይዞ መጣ። "እህቶች፣ አምባር ይውለቅ!" ሁልጊዜ እንዲያ ነው፤ ማይክራፎኑ ጉንዳን ሲራመድ ይሰማል። ሁሉም የወርቁንም የመስታወቱንም እያወለቁ ሳህኑ ላይ ጣሉ። እናትህ የወርቁን ጣለች። የዛጎሉን ግን ሞቼ እገኛለሁ አለች!»

«እንደሱ አላልኩም» አለች ሱሩቺ ከመስኮቱ ስር። «"እሱ ከሚሞት" ነው ያልኩት።»

ፒሺማ እንደማታዳምጥ ሆና ምስር ትለቅማለች። እጇ ግን ቆሟል።

«ይኸውልህ!» ጎራቻንድ ድምፃቸውን መደበቁን ረሱት። «ባል በሕይወት እያለ የዛጎል አምባር ማውለቅ፣ በሱ ላይ ሞት መጥራት ነዋ። ዘፋኟ ሰዓቷን ታያለች። ቀራጩ "ይቺ ትውጣልኝ" ይላል። ያኔ ሞኖቶሽ ቫዮሊኑን አስቀምጦ ተነሳ። ከኪሱ ነጭ መሐረብ አወጣ…»

«ነጭ አልነበረም። ሰማያዊ መስመር ነበረው። ንጹሕም አልነበረም።»

«እሺ፣ ቆሻሻ መሐረብ አወጣ! ለሁለት ቀደደውና ሁለቱንም እጆቿን ከነአምባሩ ጠመጠመላት። ሰው ሁሉ እያየ! ያኔ ባል ሚስቱን ሰው ፊት በስሟ እንኳ አይጠራም እኮ። እኔ ከንፈሬ በሳቅ ተንቀጥቅጦ ዋሽንቱን መንፋት አቃተኝ።»

«ከዚያስ?» አለ ሶሜሽ።

«ከዚያማ ሁለተኛው ስንኝ ላይ መሐረቡ ሸርተት አለ። ቀጭ! ማንም ልብ አላለም፤ ልብ ሲሉ ዘፋኟ መኪናዋ ውስጥ ገብታለች። እንዲሁ ወጣ። የዚያን ዓመት በዓል ከተማው ሁሉ የእናትህን እጅ ሲሰማ ከረመ። የከበሮ ጨዋታ የመሰለው ስንት ሰው ነበር! አንድ ከበሮ መቺ ቀጯን ለመቅዳት ሲለማመድ በዓይኔ አይቻለሁ። እሷን ግን ሁለተኛ አልጠሯትም።»

«ድምፄም ያን ያህል አልነበረም» አለች ሱሩቺ፤ ልትስቅ ቃጥቷት ከንፈሯን ነከሰች።

በማግስቱ ሶሜሽ ልብስ የሚሰጣበት ጣሪያ ላይ ወጣ። በሐዘን ቤት ሙዚቃ ክልክል ነው። እሱ ግን በትንሿ የኪስ ቴፕ ውስጥ ካሴት ከትቶ ጆሮው ላይ የሚሰካውን ሰካ። ካሴቱን ግላስጎው ከአንድ የቤንጋል ሰው ሱቅ የገዛው ራሱ ነው። የሃምሳ አምስቱ የበዓል ዘፈኖች፣ ጭረታቸው ሁሉ ተጠርጎ እንደ አዲስ የወጡ። ከዚያ አገር ጠቅልሎ ሲመለስ ለአባቱ ያመጣው ስጦታ ይኸው ነበር። ሞኖቶሽ በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረቱ ላይ አጥብቆ ይዞት ዓይኑ እንባ እንዳቀረረ ሶሜሽ ያስታውሳል። የወደደው የድምፁን ጥራት መስሎት ኮርቶ ነበር።

ሁለተኛው ስንኝ መጣ። ሶሜሽ ሳያስበው ጣቱን ቀሰረ። ከበሮው ዝም አለ። ከዚያ ምንም የለም። እንደ ተወለወለ ሳህን ጸጥ ያለ ቦታ ብቻ። ወደ ኋላ መልሶ ሰማው። አሁንም ምንም። ጭረቱን የጠረጉት ሰዎች የእናቱን እጅ አብረው ጠርገውታል።

ግን ባለፈው በዓል፣ እዚሁ ቤት፣ ቀጯን ሰምቷል። አባቱ «ያውና!» ሲል፣ እናቱ ስትጮህ ሰምቷል። እንግዲያውስ አባቱ የሚያጫውተው የጥንቱን ሸክላ ነበር ማለት ነው። ሸክላው ደግሞ ከማጫወቻው ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፏል፤ ቁልፉ ፒሺማ ትከሻ ላይ ነው። የወንዙ ቀን ሊደርስ ነው። አምባሮቹን ማስቀረት ባይችል እንኳ፣ እጇ ላይ እያሉ አንድ ጊዜ ታድምጣቸው። ይህን ወስኖ ከጣሪያው ወረደ።

«ፒሺማ፣ የቁም ሣጥኑን ቁልፍ ስጪኝ።»

«ለምን?»

«ሸክላውን ላወጣ።»

«በሐዘን ቤት? ዘፈን?» ቁልፎቹ ተንጫጩ።

«ዘፈኑን አይደለም። ቀጯን ብቻ። አምባሯ ሳይሰበር እማዬ አንዴ ትስማው።»

ፒሺማ ግንባሯን ቋጠረች። ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ታውቀዋለች፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ግን ገጥሟት አያውቅም።

«ቀጭ ሙዚቃ ነው?»

«አይደለም። ስህተት ነው። ሲቀረጽ ሳያስቡት የገባ።»

«ስህተት ከሆነ አይከለከልም» አለች። «መርፌውን ልክ እዚያ ቦታ ላይ ታስቀምጣለህ። አንዲት ቃል ዘፈን ብትወጣ ማጫወቻውን በመስኮት ነው የምወረውረው!» የሳሪዋን ቋጠሮ ለመፍታት ጥርሷን መጠቀም ነበረባት።

ሸክላዎቹ በተርታ ቆመዋል። ሶሜሽ የሚፈልገውን በቡናማ ከረጢቱ ለየው። ሲያነሳው ግን ከረጢቱ መሃል ላይ እጥፍ አለ። በቀስታ አወጣው። ሸክላው ለሁለት ተሰብሯል። ጠርዝና ጠርዙ ላይ ቢጫ ሙጫ ደርቆ ተጋግሯል፤ ሰው ሊጠግነው ሞክሮ እምቢ ብሎታል።

«ውይ!» አለች ፒሺማ። «እኔ አይደለሁም!»

«አንቺ ነሽ ማን አለሽ?»

«ወንድሜ ነው! ያ እጀ ሰባራ… ነፍሱን ይማረውና። አትንገራት። ሰማህ? በዚህ ሁሉ ላይ ይሄን ደግሞ አትንገራት።»

ሶሜሽ ሄዶ እናቱ አጠገብ ምንጣፉን አነጠፈ። «ሸክላውን ላሰማሽ ነበር» አለ። «ፒሺማ እምቢ አለች።»

ሱሩቺ ቀና ብላ አየችው። «ፒሺማ እምቢ ብትል ሰፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ሙጫው ለቀቀ እንዴ?»

«የቱ ሙጫ?» አለ ሶሜሽ።

«አንተ ከመምጣትህ በፊት ነው የተሰበረው» አለች። «ከገበያ ስመለስ ቤቱ ጭር ብሏል፤ አባትህ ሻይ አፍልቶልኛል። ከተጋባን ሻይ አፍልቶልኝ አያውቅም። አንድ ነገር እንዳጠፋ ያኔውኑ ገባኝ። በኋላ ብርድ ልብስ ስፈልግ ከሥሩ አገኘሁት። ይነግረኛል ብዬ ጠበቅኩ። አልነገረኝም። በዓሉ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣ፣ ምግብ አስጠላው። ይሄኔ አንተ ያንን ካሴት ይዘህ መጣህ። እግርህን ሊስም ምንም አልቀረው!»

«ካሴቱ ላይ ግን የለችም፤ ጠርገዋታል።»

«መጀመሪያ ሲያጫውተው አየሁት እኮ። ቦታው ደረሰ፣ ምንም የለም። ፊቱ! እኔ ወደ ሽንኩርቴ ዞርኩ። በማግስቱ ደግሞ አጫወተው። እዚያ መጋረጃ ኋላ የሻይ ብርጭቆውን ይዞ ቆሟል። ቦታው ሲደርስ በጥፍሩ ቀጭ! ከዚያ "ያውና፣ እጇ መጣ!" ይላል ዓይኑን በጨው አጥቦ።»

«አውቀሽ ነው ዝም ያልሽው?»

«ቫዮሊን ተጫዋች ነው ልጄ፣ ከበሮ መቺ አይደለም። ሁልጊዜ ይዘገይ ነበር።»

«ምን አልሽው ታዲያ?»

«ምን እለዋለሁ? "አንተ ሰውዬ፣ አታፍርም?" አልኩት። እንደ ድሮው።»

ሁለቱም ሳቁ። ሱሩቺ ሳቋን ሳትጨርስ እንባዋ መጣ። ሶሜሽ እጇን ያዘ፤ አምባሮቹ መዳፉ ውስጥ ገቡ።

«አይሰበሩ እማዬ። ፒሺማ ስላለች ብለሽ ነው?»

«ፒሺማ ያለችውን ሁሉ ባደርግ ኖሮ አባትህንም አላገባም ነበር።» እጇን ቀስ ብላ ወሰደች። «ያኔ አላወልቅም ያልኩት እንዲኖር ነው። ኖረልኝ። አረጀልኝ፤ ሸክላ ሰበረ፣ ዋሸኝ። አሁን ለማን ብዬ ላቆያቸው?»

«ለራስሽ።»

ሱሩቺ አሰበችበት። «ያንተ ነገር ክፉ አይደለም» አለች። «የኔ ግን አይደለም።»

መልሷ አላሳመነውም። ዳግመኛ ግን አልተከራከራት።

በወንዙ ቀን ውሃው ደፍርሶ ደረጃዎቹን ግማሽ ድረስ ሸፍኗቸዋል። ፒሺማ ሸካራ ድንጋይ መርጣ ይዛለች። ሱሩቺ መጨረሻው ደረቅ ደረጃ ላይ ተቀመጠችና ሁለት እጆቿን ዘረጋች። ስትዘረጋ አምባሮቹ ተጋጩ። ቀጭ።

ሶሜሽ ዕድሜውን ሁሉ በዚህ ድምፅ መሃል ኖሯል። የሰማው ግን አሁን መሰለው።

ፒሺማ ድንጋዩን አነሳች። መልሳ አስቀመጠችው። «እንዲህማ እጇን ይቆርጣታል» አለች፤ ማንም ግን አልጠየቃትም። ከወገቧ አንድ መሐረብ መዘዘች። የሞኖቶሽ ነው፤ ታጥቦ ተተኩሷል። ለሁለት ቀደደችው። የሱሩቺን እጆች አንድ በአንድ ከነአምባሩ ጠመጠመችላት። የሷ በተሰበረበት ቀን እንዲህ የጠመጠመላት ሰው አልነበረም፤ ጠርዙን ደጋግማ አስተካከለች።

«አጠበቅኩብሽ?»

«አይ። ሸርተት እንዳይል።»

ከዚያ መታች። በጨርቁ ውስጥ ድምፁ ታፍኖ ቀረ። ፒሺማ መሐረቡን ፈታ ቀይና ነጭ ስባሪውን ውሃው ላይ አራገፈች፤ ከዚያ የሱሩቺን ባዶ እጅ ጭኗ ላይ አድርጋ፣ አምባሩ የኖረበትን ፈዛዛ ምልክት ረጅም ጊዜ ስታሸው ቆየች።

ተዝካሩ ወጣ። ሶሜሽ ፀጉሩን ተላጨ፣ ብረቱን ከአንገቱ ፈታ፤ የዓሣ ወጥም ወደ ቤቱ ተመለሰ። ከመንገዱ ማዶ የዱርጋ ዳስ ተተክሏል፤ ድምፅ ማጉያዎቹ ግን ዝም እንዳሉ ነው። የሰፈሩ ልጆች ለሞኖቶሽ ክብር ሲሉ አልከፈቷቸውም ነበር።

«ክፈቱ በላቸው» አለች ሱሩቺ። «በዓል መጥቶ እንዲህ ጭር ሲል ቢያይ ይቀየማል።»

ከሰዓት ድምፅ ማጉያው ተንኳኳ፣ አንድ ሁለት ብሎ ቆጠረ፣ ከዚያ የሃምሳ አምስቱን ለቀቀ፤ ያንኑ የተጠረገውን። ፒሺማ ጥግ ይዛ ምስሯን ትለቅማለች። ሱሩቺ ጠርዝ የሌለው ነጭ ሳሪ ለብሳ መስኮቱ ስር ተቀምጣለች። ሶሜሽ ወንበር የተፈቀደለት ቢሆንም መሬት ላይ ነው፤ ሻዩ ከፊቱ ይጨሳል። ጀልባዋ ወንዙን ጀመረች። አንደኛው ስንኝ አለቀ። በሁለተኛው የእናቱ ቀኝ እጅ ከጭኗ ላይ ጥቂት ከፍ አለ። ከበሮው ዝም ሲል አንጓዋን ነቅነቅ አደረገች። ምንም አልጮኸም።

ሶሜሽ በጥፍሩ ብርጭቆውን መታ።

ድም አለ እንጂ ቀጭ አላለም። ዘፋኟም ቀድማው አልፋለች።

ፒሺማ ከምስሩ ላይ ቀና አለች። ሱሩቺ መስኮት መስኮቱን እያየች ነው።

«ዘገየህ» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ብርጭቆውም ሞልቷል። ሲሞላ አይጮህም። አባትህ ግማሹን ጠጥቶ ነበር የሚመታው።»

በባዶ እጇ ብርጭቆውን ከፊቱ አነሳች፤ ትኩስ ነበርና እፍ እፍ እያለች እስከ ግማሹ ጠጣችው። ከዚያ ለሚቀጥለው ጊዜ ብላ ፊቱ መልሳ አስቀመጠችለት።